ለሸክላ ማጫወቻ የሚወጣ ብር፦ ከመርፌው ጀምሩ

በደነዘዘ መርፌ የታረሰ ሸክላ አይድንም። ስፒከር ይቀየራል፣ አምፕሊፋየር ይጠገናል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ታትመው ቦታቸውን ለካሴት የለቀቁት የአማርኛና የኦሮምኛ የ45 ሸክላዎች (በደቂቃ 45 ዙር የሚዞሩት ትንንሾቹ) ግን ሌላ ቅጂ ላይገኝላቸው ይችላል። የብሩ ቅደም ተከተል የሚመጣው ከዚህ ነው። መጀመሪያ ሸክላውን ለሚነካው፣ ቀጥሎ ለሚያዞረው፣ ከዚያ ለስፒከሩ፣ ከዚያ ለአምፕሊፋየሩ። ሽቦ መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ቤት የሚታየው ግን የዚህ ግልባጭ ነው፤ የበርጫ ክፍሉን የሚያናውጥ ስፒከር ይገዛል፣ መርፌዋ ግን ከማጫወቻው ጋር የመጣችው፣ ዕድሜዋ የማይታወቀው ሆና ትቀራለች።

ከባዶ ለሚጀምር ሰው ከየ100 ብሩ 30ውን ለማጫወቻው፣ 15ቱን ለካርትሪጅ (መርፌዋ ለምትሰካበት፣ ንቅናቄዋን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚቀይረው) እና ለመርፌ፣ 30ውን ለስፒከር፣ 17ቱን ለአምፕሊፋየርና ለፎኖው (የካርትሪጁን ደካማ ድምፅ ለሚያጎላው)፣ ቀሪዋን 8 ብር ለማጽጃና ለመግጠሚያ ዕቃ መመደብ ጥሩ መነሻ ነው። ስፒከርና አምፕሊፋየር ቤት ውስጥ ካለ ለጊዜው በእሱ ተጠቀሙ፤ ብሩ ወደ ማጫወቻውና ወደ መርፌው ይሂድ። ያገለገለ ማጫወቻ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ዋጋ ሲጠራ የአዲስ መርፌና የአዲስ ቺንጋ ዋጋ ደምራችሁ አስቡት። ሳይደመር ርካሽ የሚመስለው ብዙ ነው።

ከመከራከራችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ

ድሬዳዋም ሐረርም ያለው መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። በጅቡቲ በኩል የሚገባው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጋር ይስማማል። ጣጣው ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ ይዞት በሚመጣው ላይ ነው፤ ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ይላል። ቮልቱን ማውረጃ ትራንስፎርመር ይፈታዋል። ሄርዙን ግን ትራንስፎርመር አይነካውም።

በቺንጋ የሚዞሩ የድሮ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከመብራቱ ሄርዝ ነው። 60 የለመደ ሞተር 50 ሲያገኝ አንድ ስድስተኛ ፍጥነቱን ያጣል። 33⅓ ዙር በደቂቃ የነበረው 27.8፣ 45 የነበረው ደግሞ 37.5 ይሆናል። ዘፈኑ ከሦስት ሴሚቶን በላይ ወርዶ የሴቷ ድምፅ የጎረምሳ ይመስላል። ይህን ሲሰሙ «ሞተሩ ደክሟል» ብለው ማጫወቻውን የሚጥሉ አሉ፤ ሞተሩ ደህና ነው፣ የሚቀየረው ቺንጋው የሚጠመጠምባት ትንሿ ፑሊ ናት።

ልኳ እንዲህ ይወጣል። የፑሊዋን ውፍረት ለኩ፣ የቺንጋውን ውፍረት ደምሩበት፣ በ1.2 አባዙት፣ የቺንጋውን ውፍረት መልሳችሁ ቀንሱ። ፑሊዋ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቺንጋው 0.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ 10.6 በ1.2 ሲባዛ 12.72 ነው፤ 0.6 ሲቀነስ 12.12 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ፑሊዋ ለ33 እና ለ45 ሁለት ደረጃ ካላት ሁለቱንም ለየብቻ አስሉ። ይህን ከናስ መቅረጽ ለቶርኖ ቤት ቀላል ሥራ ነው፤ የባቡር ወርክሾፕ ባለሙያ ስታፈራ በኖረችው ድሬማ ሰው አይጠፋም። ሁለት ነገር ግን አስጠንቅቁት። አንደኛ፣ የ0.1 ሚሊ ሜትር ስህተት ፍጥነቱን 0.8 በመቶ ያህል ይለውጣል፣ ስለዚህ በማስመሪያ ሳይሆን በካሊፐር ይለካ። ሁለተኛ፣ ቀዳዳው ልክ መሃል ላይ ካልተበሳ ረጅም የክላርኔት ድምፅ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል።

ኳርትዝ ያለው ዳይሬክት ድራይቭ (ሞተሩ ሳህኑን ያለ ቺንጋ በቀጥታ የሚያዞረው)፣ ወይም በትንሽ የዲሲ አዳፕተር የሚሠራ ማጫወቻ ይህ ጣጣ የለበትም። ከውጭ ለሚመጣ ሰው «ምን ላምጣ?» ሲላችሁ መልሱ ይኸው ነው።

ፍጥነቱን ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልግም። ሸክላው በሚቀመጥበት ሳህን ጠርዝ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ፣ በስልክ ሰዓት ያዙ፣ መርፌው ሸክላ ላይ እንዳለ ቁጠሩ። በ33⅓ ልክ በ3 ደቂቃ 100 ዙር፣ በ45 ደግሞ በ2 ደቂቃ 90 ዙር መሆን አለበት። የስትሮቦስኮፕ ካርድ (ፍጥነቱ ልክ ሲሆን መስመሮቹ በመብራቱ ብልጭታ የቆሙ የሚመስሉበት ክብ ወረቀት) የምታሳትሙ ከሆነ ለ33⅓ 180 መስመር ያለውን ምረጡ። 216 መስመር ያለው የ60 ሄርዝ አገር ነው፣ እዚህ ያሳስታችኋል።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ክንዱን አንሱ፣ ከዚያ ስፒናውን ንቀሉ። ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ቮልት መጀመሪያ የሚመታው አምፕሊፋየሩን ነው፤ ከ17ቷ ብር ላይ ለስታብላይዘር መቆንጠር ያዋጣል። ስታብላይዘሩን ግን ከፎኖው ሽቦ ራቅ አድርጉ፤ ቀጭ ባለ ቁጥር ስፒከሩ ውስጥ ይሰማል።

መርፌና ካርትሪጅ

ጫፏ አልማዝ ብትሆንም መርፌ ታልቃለች። ኤሊፕቲካል የምትባለው፣ ጫፏ ሞላላ የሆነችው፣ እንደ አምራቹ ከ300 እስከ 500 ሰዓት አካባቢ ትሠራለች። አንድ የ45 ፊት 4 ደቂቃ ቢሆን ከ4,500 እስከ 7,500 ፊት ማለት ነው፤ አቧራ በማያጣው ቤት ግን ቀድማ ትሄዳለች። ከአሮጌ ማጫወቻ ጋር የመጣችውን መርፌ እንዳለቀች ቁጠሯት። የሰዓት ጠጋኝ አጉሊ መነፅር የተሰበረች ወይም የተጣመመች መሆኗን ያሳያችኋል፤ መበላቷን ለማየት ግን ማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። በዚያ ላይ የመርፌዋን ዘንግ የያዘችው ጎማ በዓመታትና በድሬ ሙቀት ትደርቃለች። ጎማዋ የደረቀ መርፌ ጫፏ አዲስ ቢሆንም እንኳ የሸክላውን መስመር ግድግዳ ትገፋለች እንጂ አትከተለውም።

በሻንጣ መልክ የሚሸጡት፣ ስፒከራቸው ከውስጥ የተገጠመላቸው ርካሽ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ሴራሚክ ካርትሪጅ አላቸው፤ 5 ግራምና ከዚያ በላይ ይጫናሉ፣ ክብደቱን ማስተካከያም የላቸውም። ስፒከሩም እዚያው ሳጥን ውስጥ ስለሆነ መርፌዋን መልሶ ያንቀጠቅጣታል። ለቤት ጌጥ ከሆነ ይሁን፣ የአባትን ሸክላ ግን አታስነኩት።

ለመጀመሪያ ግዢ የምንመርጠው የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 ዓይነት ካርትሪጅ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አካሉ አንድ ሆኖ መርፌዋ ብቻ እየተነቀለች ትቀየራለች። ኮኒካሏ (ጫፏ ድቡልቡል የሆነችው) ርካሽ ናት፣ ብዙ የተጫወተ ሸክላም አታስቸግርም። ኤሊፕቲካሏ የሸክላውን የውስጥ ዙሮች በተሻለ ታነባለች። ብር ሲገኝ ማይክሮላይን (ጫፏ ይበልጥ የቀጠነችው) ይገዛል፣ አካሉ እዚያው ይቀራል። ለ78 (በደቂቃ 78 ዙር ለሚዞረው) የሚሆን መርፌም አለው። የ78ቱን ነገር ቀልድ አታድርጉት፤ ከባዱ፣ ሲወድቅ እንደ ገንቦ የሚሰበረው የድሮ ሸክላ መስመሩ ሰፊ ስለሆነ 75 ማይክሮን ገደማ ጫፍ ይፈልጋል፣ የኤልፒ (የትልቁ 33⅓ ሸክላ) መርፌ ግን 18 ማይክሮን ነው። የኤልፒ መርፌ 78 ላይ ስትቀመጥ ታችኛው ወለል ላይ እየተንከባለለች የምታነበው ቆሻሻውን ነው። የግራሞፎን የብረት መርፌ በቪኒል ሸክላ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ሸክላው አበቃለት።

አገጣጠሙ አንድ ከሰዓት ይፈጃል፣ ብር ግን አይጠይቅም። ውሃ ልክ ሳህኑ ላይ አድርጋችሁ በሁለት አቅጣጫ አስተካክሉ። ከዚያ ጸረ ስኬቲንጉን (ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚይዘውን) ዜሮ አድርጉና የክንዱን የኋላ ክብደት እያዞራችሁ ክንዱ ሳይወድቅ ሳይነሳ በአየር ላይ እንዲቆም አድርጉት። ቁጥር ያለባትን ቀለበት ዜሮ ላይ አምጧት፣ ከዚያ ክብደቱን ከነቀለበቱ እስከ 2 ግራም አዙሩ። የአሮጌ ማጫወቻ ቀለበት ግን አይታመንም፣ በሚዛን አረጋግጡ። ወርቅ ቤት ያለው ሚዛን መቶኛ ግራም ያነባል፤ ሆኖም መርፌዋ የምትለካው በሸክላው ከፍታ ላይ ስለሆነ ረጅም ሚዛን ያሳስታል፣ የሚዛኑ ሳህን ብረት ከሆነም የካርትሪጁ ማግኔት ስለሚስበው ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። ለመርፌ ተብላ የተሠራች ቀጭን ሚዛን ከ8ቷ ብር ላይ ቀድማ የምትገዛው ለዚህ ነው።

«ቀለል ብሎ ይጫን፣ ሸክላው እንዳይጎዳ» የሚል አባባል አለ። ስህተት ነው። ቀላል ክብደት ሲሆን መርፌዋ ከመስመሩ እየዘለለች ግድግዳውን ትጠርባለች። አምራቹ ከ1.8 እስከ 2.2 ካለ 2 ላይ አድርጉት፣ ካጠራጠራችሁ ወደ 2.1 እንጂ ወደ 1.8 አትሂዱ።

ቀጥሎ የካርትሪጁ አቅጣጫ ነው። ማስተካከያውን ወረቀት ከኢንተርኔት ስታሳትሙ መቶ በመቶ ልኩን ጠብቆ መውጣቱን በማስመሪያ አረጋግጡ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቶች «ገጹ እንዲሞላ» ብለው ያሳንሱታል ወይም ያተልቁታል። በተለመደው ወረቀት ላይ ከመሃሉ 66 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ካርትሪጁ ከመስመሩ ጋር ልክ የሚሆንባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። የ45ቱ መስመሮች ከመሃል በግምት ከ84 እስከ 54 ሚሊ ሜትር ውስጥ ያሉ ስለሆኑ የሚያገኛቸው የ66ቱ ነጥብ ብቻ ነው። ስብስባችሁ በአብዛኛው 45 ከሆነና ሁለቱን ነጥቦች ማስማማት ካቃታችሁ 66ቱን አስቀድሙ። በመጨረሻ ጸረ ስኬቲንጉን ከክብደቱ ጋር እኩል አድርጉት።

ፈተናው ጆሮ ነው። ከፊቱ መጨረሻ አካባቢ ያለውን ክፍል አጫውቱ። ዘፋኙ «ሰ»ን እና «ሸ»ን ሲል እንደሚጠበስ ዘይት ቻስ ካለ፣ ጡሩምባውና ሳክስፎኑ ከተቀደደ፣ ወይ አቅጣጫው ተዛብቷል፣ ወይ ክብደቱ አንሷል፣ ወይ መርፌዋ ቆሽሻለች። ሦስቱም ደህና ሆነው ካልተሻለ ሸክላው ራሱ ድሮ በሌላ መርፌ የተበላ ነው። ሌላ ሸክላ ሞክሩበት።

ማጫወቻውን ስትመርጡ

ያገለገለ ሲሆን ሦስት ቦታ ብቻ ንኩ። ሳህኑን በጠርዙ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ጎን ወዝውዙት፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ተዉት። ክንዱን በአየር ላይ ሚዛን አስይዙና ቀስ ብላችሁ እፍ በሉበት፤ በነጻነት መሄድ አለበት፣ የሚቆምበት ወይም የሚይዝበት ቦታ ካለ አትግዙ። ክንድ የሚጠግን ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ሦስተኛው ቺንጋው ነው። የተለጠጠ፣ የደረቀ ወይም እንደ ማስቲካ የቀለጠ ከሆነ ይሄኛው አያስፈራም፣ በርካሽ ይቀየራል፣ ዋጋ ለማስቀነሻም ጥሩ ምክንያት ነው። የቀለጠውን ጥቁር ጎማ ከፑሊው ላይ በአልኮል አጽዱ። የተሰነጠቀ ክዳን፣ የተጫረ እንጨት፣ የጠፋች መብራት፦ ችላ በሏቸው።

ትልቅ ቀዳዳ ላለው 45 አዳፕተር ያስፈልጋል። ቀዳዳው 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ቶርኖ ቤቱ የፑሊውን ሥራ ሲሠራላችሁ አንድ አብራችሁ አሠሩ።

ማጫወቻው የሚቀመጥበት ቦታ ግማሽ ማጫወቻ ነው፣ በነጻ ደግሞ። ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ነደባው (የመቀመጫው መደብ) ከግንብ ጋር ተያይዞ የተሠራ ስለሆነ ሰው ቢዘል አይነቃነቅም፣ ከዚህ የተሻለ የማጫወቻ ጠረጴዛ በገንዘብ አይገኝም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌትም ድምፁ እንዳያስተጋባ ይረዳል። ሌላው ቤት ውስጥ የብሎኬት ግድግዳ ላይ በፊሸር የታሰረ መደርደሪያ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የእምነ በረድ ቁራጭ፣ ከሥሩ ደግሞ አራት የጎማ እግር አድርጉ። ስፒከሩ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ማጫወቻ አይቀመጥም። ድምፅ ከፍ ሲል «ኡኡኡ» እያለ የሚያድገው ጩኸት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ድሬ ላይ አንድ የተለየ ጠላት አለ፣ ቬንትሌተር። ጣሪያ ላይ ያለው በቀጥታ ከማጫወቻው በላይ ከሆነ ያነሳውን አቧራ ሁሉ በሚዞረው ሸክላ ላይ ያራግፈዋል። ወይ ማጫወቻውን ወደ ጥግ ውሰዱት፣ ወይ የአንዱን ፊት 4 ደቂቃ በላብ ቻሉት።

ስፒከር

የክፍሉ መጠን ይወስናል። 4 በ5 ሜትር ለሆነ ሳሎን ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ክቡ ከ13 እስከ 16 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ዌይ (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያወጣ) ጥንድ ይበቃል። ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ትልቅ ባስ ማስገባት ትርፉ ቆርቆሮውን ማንኳኳት ነው። ያገለገለ ስትገዙ ጨርቁን አውልቃችሁ በዳር ያለውን ስፖንጅ በጣት ነካ አድርጉ፤ እንደ ደረቀ እንጀራ ከተፈረፈረ ስፒከሩ መጠገን አለበት፣ ዳሩ ጎማ ወይም ጨርቅ የሆነው ግን ዕድሜ አለው። ሁለቱንም ስፒከሮች ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁ፤ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ) በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ይሁን።

አምፕሊፋየርና ፎኖ

ካርትሪጁ የሚያወጣው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው፤ ሸክላው ሲቀረጽም ባሱ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው። ፎኖ የሚባለው ሁለቱንም ያስተካክላል፦ ያጎላል፣ ባሱንም ይመልሳል። ለስልክ በሚሆነው መግቢያ ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ድምፁ የሩቅና የቀጠነ ይሆናል፤ ዕቃው አልተበላሸም፣ ፎኖ ጎድሎ ነው። በተቃራኒው ማጫወቻው ውስጥ ፎኖ እያለ አምፕሊፋየሩም ፎኖ መግቢያ ላይ ከተሰካ ሁሉ ነገር ይቀደዳል። ከኋላ ያለችውን መቀየሪያ ተመልከቱ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይሥራ።

የ1970ዎቹ ሪሲቨር ካገኛችሁ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ፎኖ አብሮት አለ፤ ለብቻ የሚገዛ ሳጥን ይቀርላችኋል። ከ20 እስከ 30 ዋት በቂ ነው። ከዋቱ ይልቅ «ሞኖ» የምትል ቁልፍ ካለችው ጨምራችሁ ብትገዙት አይቆጭም። የድሮ 45ዎች ብዙዎቹ ሞኖ ስለሆኑ ቁልፏ ስትጫን ሁለቱ ጎኖች ተደምረው የቻርቻርታው ድምፅ በግልጽ ይቀንሳል፣ ዘፈኑ ግን አይነካም። ድምፅ ማስተካከያው ሲዞር ከተንኮሻኮሸ አያስደንግጣችሁ፣ ኮንታክት ማጽጃ ይበቃዋል። በስፒከሩ ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሰማ ጉምጉምታ ካለ ግን ከማጫወቻው የምትወጣዋን ቀጭን የመሬት ሽቦ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ባለችው ብሎን እሰሯት፤ ከዚያም ካልጠፋ ትራንስፎርመሩንና ዲቫይደሩን ከማጫወቻው አንድ ሜትር አርቁ።

ማጽጃና ሽቦ

የካርቦን ፋይበር ብሩሽ ግዙ፤ ከእያንዳንዱ ፊት በፊት ሁለት ዙር። ለእጥበት የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ የድሬ ውሃ ጀበና ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት መስመሩ ውስጥም ይተወዋል። የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ግን ጽሑፉን አንብቡ። በአንድ ሊትር ሦስት ጠብታ የሳህን ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ መስመሩን ተከትሎ ማሸት፣ ከዚያ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ማለቅለቅ፣ በጥላ ማድረቅ። ሸክላው መሃል ያለው ወረቀት አይርጠብ። አልኮል ለ78 ሸክላ ፈጽሞ አይሆንም፣ ያሟሟዋል። መርፌዋን ከኋላ ወደ ፊት ብቻ፣ በደረቅ ትንሽ ብሩሽ።

ሽቦ ላይ አታባክኑ። ከኤሌክትሪክ ሱቅ 2.5 ሚሊ የሆነ ባለ ሁለት መዳብ ሽቦ ለስፒከር ይበቃል፤ ጫፉን ጭራችሁ ከሥሩ ነጭ ከወጣ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ መልሱለት። ከማጫወቻው እስከ ፎኖው ያለው ሽቦ ከአንድ ሜትር ተኩል አይርዘም።

ሁሉ ተገጥሞ ሌላ ብር ሲገኝ ቀድሞ የሚገባው ወደ ተሻለ መርፌ ነው፣ ቀጥሎ ወደ ስፒከር። ማጫወቻው ፍጥነቱ ልክ ከሆነና ክንዱ ከሠራ ለዓመታት አይቀየርም። ሸክላዎቹን ደግሞ አቁማችሁ ደርድሩ፣ ደራርባችሁ አታስተኙ፤ ድሬ ውስጥ ከዚራ ወርዳችሁ መጋላ እስክትመለሱም ቢሆን መኪና ውስጥ አትተዉአቸው። ቪኒል 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ በድሬ ፀሐይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቸገርም።